ሞተርዌይ ዳር የቆመው ድምፅ

አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሁሉ በሰበታ ወይም በቡራዩ ወይም በሱሉልታ ያልፋል፤ ወርዶ የሚያድር ግን ጥቂት ነው። እኔም ከጅማ በተመላለስኩባቸው ዓመታት ሰበታን የማውቃት በአውቶቡስ መስኮት ብቻ ነበር። ባለፈው ክረምት መውጫ ግን ጉዳዬ እነዚሁ ሦስት ከተሞች ውስጥ ሆነ። ከተመለስኩ በኋላ ጎረቤት ሁሉ ይጠይቀኛል። ለእያንዳንዱ መናገሩ ስለከበደኝ፣ ለማታውቋቸውም ከተሞቹን ስለሚያሳይ፣ በጽሑፍ አደረግሁት።

ጉዳዩ ይህ ነው። የታናሽ እህቴ የበላይነሽ ልጅ ያሬድ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር በሞያሌ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተነሣ። አንደኛው የሰበታ፣ ሁለተኛው የቡራዩ፣ ሦስተኛው የሱሉልታ ልጅ ነው። የተዋወቁት አዲስ አበባ፣ ደላላው ቤት ነበር። ከዚያ ወራት ያለ ወሬ አለፉ። በመጨረሻ በዚያው መንገድ የሄደ አንድ ሰው መልእክት ላከ፤ ልጆቹን የጫነው መኪና ተገልብጧል፣ ከአራቱ በእግሩ የወጣው አንዱ ብቻ ነው፣ የትኛው እንደሆነ ግን አላወቀም። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ደላላው አንድ የተቀዳ ድምፅ ለአራቱም ቤተሰብ ላከና ስልኩን ዘጋ። ድምፁ እንዲህ ይላል፦

«ደህና ነኝ። ለእናቴ ንገርልኝ። ስልኩ የሰው ነው። ሞተርዌይ ዳር ነን፣ ሃርድ ሾልደሩ ላይ ቆመናል። ብርድ ነው። ሌሎቹ...»

ከዚያ ትልቅ መኪና ያልፋል፣ ነፋሱ ይመጣል፣ ይቆረጣል። ስም የለውም። ነፋሱ ከመጀመሪያው ስላለበት ድምፁ የጎረምሳ መሆኑ እንጂ የማን መሆኑ አይለይም። እኛ ቤት የሰማው ሁሉ «ያሬድ ነው» አለ። እኔም አልኩ።

ለእህቴ አደጋውንም ድምፁንም አልነገርናትም። የእድራችን ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ድምፁ የማን እንደሆነ በእርግጥ አይታወቅምና መርዶው እሑድ ማለዳ ይነገራት አሉ። ሰብሳቢው አቶ ደምሴ መጀመሪያ ሃርድ ሾልደር የሚባል ከተማ ይፈለግ ብለው ነበር፤ በስልክ ካርታ ላይ ቢፈለግ ጠፋ። «ትንሽ ከተማ ትሆናለች» አሉ። ሦስቱን ቤተሰቦች በዓይኔ አይቼ እስክመለስ እንዲጠብቁኝ ለመንኳቸው። ድምፁ የያሬድ ከሆነ መርዶ አይኖርም። የሌላ ከሆነ እሑድ ይመጣሉ። በዚህ ተስማማን።

ማክሰኞ

ከጅማ ስንነሣ ዝናብ ነበር። ለሦስቱ ቤቶች ማር በጀሪካን ይዤ ነበርና የአንዱ ክዳን ተከፍቶ ግቤን ሳንሻገር ማሩ አጠገቤ የተቀመጠችውን ሴት ጫማ ሞላው። ሴትዮዋ መቆጣት ሲገባት ጣቷን ነክራ ቀመሰችና «የጌራ ማር ነው?» አለችኝ። ነው አልኳት። ከዚያ በኋላ እስከ ወልቂጤ አወራችኝ። ወልቂጤ ላይ ለምሳ ስንቆም ጎመን በቆጮ ጋበዘችኝ። እንደዚህ ያለ ሰው መንገድን ያሳጥራል።

ከወሊሶ ወዲህ አገሩ ሜዳ ነው። እኛ ጋ ዓይን ዛፍ ሳይነካ ሩቅ አይሄድም፤ እዚህ ግን ጤፉ እስከ ሰማይ ጠርዝ ድረስ ተዘርግቶ መሐሉ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ ይታያል። ይህን እያየሁ እንቅልፍ ወሰደኝና ሰበታን አለፍኳት። ረዳቱ አለም ገና ላይ ቀሰቀሰኝ። «እማማ፣ ሰበታ ብያለሁ እኮ! ሁለቴ ጮኼያለሁ!» አለ። ሰበታ ላይ ይጠብቁኝ የነበሩት የሰበታው ልጅ አባት አቶ ኤርሲዶ ጥላ ይዘው እስኪመጡ ድረስ አንድ የቆርቆሮ ሱቅ ሥር ተጠልዬ ቆየሁ።

አቶ ኤርሲዶ የሆሳዕና ሰው ናቸው። ደቡብ አፍሪካ ብዙ ዓመት ሱቅ ይዘው ኖረው ተመልሰዋል። አሁን ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራሉ። ቤታቸው ፉሪ በኩል ባለው ተዳፋት ላይ ነው። ወደዚያ የወጣነው በባጃጅ ነበር። ሰፈሩ ከተሠራው ቤት ይልቅ ተጀምሮ የቀረው ይበዛል። ብሎኬቱ ቆሟል፣ ጣሪያው ተመትቷል፣ ሰው የለበትም። በመስኮቶቹ ላይ የተወጠረው ላስቲክ ነፋስ ሲመጣ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ተመልሶ ይወጣል። መንገዱን ሙሉ ግራና ቀኝ ቤቶቹ የሚተነፍሱ ይመስሉ ነበር። ባለ ባጃጁ ልጅ እንኳ ዘፈኑን ቀነሰው።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አማረች እጄን በሁለት እጇ ይዛ «ጌታ ይባርክዎት፣ ስለ ድምፁ ነው የመጡት አይደል?» አለችኝ። ከጸለይን በኋላ ቆጮና አይብ ቀረበ። ለእኔ፣ ለባሏና ለራሷ ካቀረበች በኋላ አንድ ሳህን ጨመረች፤ ከሁሉም ቆንጥራ አደረገችበትና ክፍት ወንበር ፊት አስቀመጠችው።

«ለልጄ ለታምራት ነው» አለች። «ብርድ ነው ብሏል። ትኩስ ይሁንለት።»

አቶ ኤርሲዶ አንገታቸውን ደፍተው በሉ። ከእራት በኋላ ድምፁን በራሷ ስልክ ከፈተችው። የማውቀው ድምፅ ነው፣ ግን በዚያ ስልክ ቀጠን ብሎ ወጣ፤ ደቡቦች ሲናገሩ ያለው ዜማ ያለበት መሰለኝ። ያሬድን ፈልጌ አጣሁት። «ልጄ ነው» አለች አማረች፣ ጥያቄ ሳልጠይቃት። ከሳህኑ ላይ የሚወጣው እንፋሎት እስኪጠፋ ድረስ ማናችንም ከመቀመጫችን አልተነሣንም።

ረቡዕ

ጠዋት አቶ ኤርሲዶ እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ። ቤታቸው ከዓይን ሲጠፋ ቆሙ።

«እማማ፣ የእኔ ልጅ አይደለም» አሉ።

«በምን አወቁ?»

«ያንን መንገድ እዚያ ስኖር ፍሪዌይ ነበር የምንለው። አንዳንዱ ሃይዌይ ይላል። ሞተርዌይ ሲባል ሰምቼ ይሆናል፣ በእኔ አፍ ግን ገብቶ አያውቅም። ዳሩን የሎው ላይን እንለዋለን፣ ቢጫ መስመር አለው። ታምራት ደግሞ እንግሊዝኛውን የተማረው ከእኔ ነው። ልጅ ሆኖ መንገድ በሳለ ቁጥር ‹አባ፣ ፍሪዌይ ሠራሁ› ይለኝ ነበር።»

«ሃርድ ሾልደር ታዲያ ከተማ አይደለም?»

ከመጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «ከተማ? ኧረ እማማ! መኪና ሲበላሽ ጥግ የሚይዙበት የመንገዱ ዳር ነው መሰለኝ። የየት አገር አባባል እንደሆነ ግን እንጃ። አንድ መንገድ ነው፤ እያንዳንዱ አገር የራሱን ስም ይሰጠዋል።»

እኛ ጋ ጅማ ይህ ሁሉ ስም የለም። አስፋልት ነው፤ ሰፊ ከሆነ ዋናው አስፋልት ነው። ያሬድም ቢሆን ከትምህርት ቤት ያገኘው ሃይዌይ የሚለውን ነው። በመንገድ ላይ ሌላ ተምሮ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

«ለአማረች ነግረዋታል?» አልኳቸው።

«ምን ብዬ? ሳህኑን አንሺ ልበላት?»

ታክሲው መጣ። ድምፁ የታምራት ካልሆነ የቀሩት ሦስት ናቸው ብዬ ሳስብ የእኛ ተስፋ ከፍ ማለቱ ታየኝ። ያንን ሐሳብ አልወደድኩትም፤ ቢሆንም ከእኔ ጋር ተሳፈረ።

ከአየር ጤና ወደ አስኮ፣ ከአስኮ ወደ ቡራዩ በሚኒባስ ነው። እንደ ሰርዲን ተጠቅጥቀን ስንሄድ ቦርሳዬ በጎኔና በወንበሩ መካከል ተጨምቆ ኖሮ ስልኬ በራሱ ተነካና ድምፁ ከቦርሳዬ ውስጥ ወጣ። «ደህና ነኝ። ለእናቴ ንገርልኝ...» ሚኒባሱ ውስጥ የነበረው ወሬ በሙሉ ቆመ። እጄ ቦርሳው ውስጥ ስልኩን ሲፈልግ ልጁ ብርድ እንደሆነ ተናገረ፣ መኪናው አለፈ፣ ነፋሱ መጣ።

ወያላው አንገቱን መለስ አድርጎ «እማማ፣ ዳር የቆመው ሰውዬ ይሳፈር እንዴ? ቦታ አለ፣ ጠጋ ጠጋ በሉለት!» አለ።

ማንም አልሳቀም። ከኋላዬ የነበረች ሴት ግን፣ እውነቴን ነው፣ ጠጋ አለች።

የቡራዩው ልጅ አባት ኦቦ ቶሎሳ በር ሠሪ ናቸው። ወርክሾፓቸው የአምቦ መንገድ ዳር ነው። የተበየዱ የብረት በሮች ከግድግዳው ጋር ተደርድረው ቆመዋል፤ ከኋላቸው ቤት የለም። «አካም ጅርቱ፣ ሴና፣ ሴና» ብለው ሰላምታ ሰጥተው እንድገባ ጋበዙኝና መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። ዕድሜያቸው ከእኔ ቢያንስ እንጂ አይበልጥም። ማሩን ሲቀበሉኝ «ጅማዎች ማር ይዘው መጥተው ምን ይዘው ይሄዳሉ?» አሉ። ቀልድ ነው። ልጃቸው ሌንሴ ጭኮ በትልቅ ሳህን አቀረበችልኝ፤ እንቢ ብል «አንቱ ካልበሉ አባባ ዛሬ እራት አይበሉም» ብላ አስፈራራችኝ።

ሐሙስ

ቡራዩ ውስጥ ሰው ሁሉ ይቸኩላል። ጎህ ሳይቀድ የታክሲ ሰልፍ ይያዛል፤ ጠዋት ሰፈሩ ባዶ ይሆናል፤ ማታ ያው ሰልፍ ተመልሶ ይመጣል። እኛ ከተማ ሰው ባለበት ይውላል። እዚህ ሰፈሩ ቀን ቀን ባለቤቶቹን የሚጠብቅ ውሻ ይመስላል።

ኦቦ ቶሎሳ ስለ ልጃቸው ስለ ገመቹ ብዙ ነገሩኝ። ቀደም ሲል ናይሮቢ ሠርቶ ነበር፤ ተይዞ ተመለሰ፣ እንደገና ወጣ። ሁለተኛውን ጉዞ ከጀመረ በኋላ እናቱ ሞተች። ለእሱ የነገረው የለም።

«ናይሮቢ እያለ ስለ መንገድ ነግሮዎት ያውቃል?» አልኩ። ከአቶ ኤርሲዶ የተማርኩትን ጥያቄ ነው የጠየቅኩት።

«ሌላ ምን ወሬ ነበረው? ‹አባ፣ ሱፐርሃይዌዩን ብታየው! መኪናው ጎን ለጎን እንደ ከብት ይነዳል!› ይለኛል። በምሰሶ ላይ የተሠራውን ደግሞ ኤክስፕረስዌይ ይለዋል።» ብረቱን በጓንታቸው ጠረጉ። «ለምን እንደጠየቁኝ ገብቶኛል። ሞተርዌይ ሲል እኔም ሰምቻለሁ። ሰው ግን ባደረበት አገር ቋንቋ ያድራል። እዚያ ሲደርስ ሞተርዌይ ብሎት ይሆናል።»

«ይሆናል» አልኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ወርክሾፑን ዘግተው ሊያሳዩኝ የሚፈልጉት ነገር እንዳለ ነገሩኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ያለበትን አቀበት ቀስ እያልን ወጣን። ባለቤታቸው የተቀበሩት ከግቢው ጥግ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ነው። መቃብሩ ላይ ያለውን የብረት አጥር ራሳቸው እንደሠሩት ያስታውቃል፤ በር አለው። በሩን ከፈቱ፣ ተንበረከኩ፣ ስልካቸውን ድንጋዩ ላይ አስቀመጡና ድምፁን ከፈቱት።

«ለእናቴ ንገርልኝ» አለ ልጁ።

ኦቦ ቶሎሳ በኦሮምኛ ቀስ ብለው አንድ ነገር ለድንጋዩ ተናገሩ። ዛፉ ላይ የነበረው ነፋስና በስልኩ ውስጥ የነበረው ነፋስ ተደባለቁ፤ የትኛው የት እንደሆነ መለየት አቃተኝ። «ሌሎቹ...» አለ ልጁ፤ ተቆረጠ። የዛፉ ነፋስ ግን አልቆመም። ልጁ የሚቀጥለውን ቃል በዚያ ነፋስ ውስጥ ይናገረው ይመስል ሁለታችንም ጆሯችንን ሰጥተን ቆየን።

«በየቀኑ አመጣላታለሁ» አሉ፣ በሩን እየዘጉ። «ንገርልኝ ብሏል። መንገር አለብኝ።»

ያኔ ነው ያስተዋልኩት። ሰበታ ላይ ድምፁ የሰበታው ልጅ ነበር፤ እዚህ ደግሞ የኦቦ ቶሎሳ ልጅ ሆኖ ወጣ። የያሬድን ድምፅ አምጥቼ ላስተያይ ብዬ ሞከርኩ። ያሳደግኩት ልጅ ነው። በር ላይ ሆኖ «እትዬ» ሲለኝ የነበረውን ልሰማው ፈለግኩ። የመጣልኝ ነፋስ ያለበት ድምፅ ብቻ ነበር። በጆሮዬ የነበረውን የያሬድን ድምፅ አስወጥቶ ቦታውን ይዟል። ይህን ለኦቦ ቶሎሳ አልነገርኳቸውም።

ዓርብ

ወደ ሱሉልታ የሚሄዱት መኪኖች የሚነሡት ከአዲሱ ገበያ ነው። እንጦጦን ስንወጣ ጉሙ ወረደ። ሹፌሩ መብራት አብርቶ ቀስ አለ፤ ከፊታችን የሚሄደው አይሱዙ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። መንገዱ ዳር እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ከጉሙ ውስጥ ይወጡና ተመልሰው ይገቡበታል። ወደ ማዶ ስንወርድ ሜዳው ላይ ብርዱ ጠበቀን። ጅማ ውስጥ እንዲህ ያለ ብርድ ቢመጣ ሰው ከቤት አይወጣም፤ ሱሉልታዎች በዚያ ብርድ ወተት ይሸጣሉ።

የሱሉልታው ልጅ የኪሩቤል እናት ወይዘሮ የሺ ከመንዝ መጥተው እዚያ የቆዩ ነጋዴ ናቸው። እህል፣ ጨውና ቅቤ የሚሸጡበት ሱቅ ቤታቸው ፊት ለፊት ነው። በሩ ላይ ሳያቸው የማደርገው ጠፋኝ። ከራስ እስከ እግር ጥቁር ለብሰዋል።

«ማን ሞቶብዎት ነው?» አልኩ።

«ልጄ ነዋ» አሉ። «አልሰሙም እንዴ?»

የሱሉልታ እድር መኪናው መገልበጡን እንደሰማ፣ አንዱ ወጥቷል የሚለው ሳይደርሰው፣ በማግስቱ ማለዳ መርዶ ተናግሯል። ድንኳን ተጣለ፣ ተለቀሰ፣ ተስካሩም ወጣ። ድምፁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«ጥቂት ብቻ ሰማሁት» አሉ፣ ተልባ በእንጀራ እያቀረቡልኝ። «ደህና ነኝ ሲል ዘጋሁት። ተስካሩን አገር በልቶታል፤ ከዚያ ወዲያ የሚመጣ ድምፅ የማን ነው? ስልኩ ላይ ጠበል ረጨሁበት። ተበላሽቶ ሁለት ቀን ዋለ። ነፍስ አባቴ ተቆጡኝ።»

«የተረፈው አንድ ብቻ ነው ይባላል፤ ድምፁ የሌላ ሰው ልጅ ሊሆን ይችላል ብለው አላሰቡም?»

«እሱን ነው የማስበው። የእናንተው ይሁን። ለእኔ ከመቃብር የሚደውል ልጅ አያስፈልገኝም።»

የሰበታው ፍሪዌይ ብሏል። የቡራዩው ሱፐርሃይዌይ ብሏል። እኚህ ሴትዮ ደግሞ በገዛ አፋቸው ለእኛ ሰጡን። የቀረው ያሬድ ብቻ ነው። ነገ ለሽማግሌዎቹ አትምጡ እላቸዋለሁ ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ልቤ አሰብኩ።

ስልካቸው ጮኸ። ወይዘሮ የሺ ስሙን አይተው ጥቁሩን ነጠላ ከራሳቸው ላይ አወረዱ፤ ፊታቸውን በመዳፋቸው አሻሹ። ጣታቸውን ወደ እኔ አንሥተው ዝም እንድል አሳዩኝ። እንግሊዝ አገር ያለችው ልጃቸው ሰብለ ናት። የወንድሟን መርዶ አልነገሯትም። ብቻዋን ባለችበት፣ ደጋፊ በሌለበት መርዶ በስልክ አይነገርም፤ እኛም ጋ እንዲሁ ነው። ስለዚህ ከለቅሶው ቀን ጀምሮ፣ በጥቁር ልብስ ውስጥ ሆነው፣ እየሳቁ ያወሯታል።

«እሰይ የእኔ እመቤት!» አሉ። ሌላ ሰው ነበሩ። እጃቸው ቅቤ ስለነበረበት ለሁሉም እንዲሰማ አድርገው ስልኩን ጨው ከረጢት ላይ አስቀመጡት።

«እማ፣ ዛሬም ካሜራው አይሠራም?»

«አይሠራም ልጄ፣ ተሰብሯል።»

«ኪሩ ደወለ?»

«ኔትዎርክ የለበትም ያለበት። ደህና ነው። አንቺ ምን ድምፅ ነው ከኋላሽ?»

«አትጠይቂኝ! መኪናዋ ጭስ አውጥታ ሞተርዌይ ዳር ነን፣ ሃርድ ሾልደሩ ላይ ቆመናል። የሚጎትተን መኪና እየጠበቅን ነው። ብርድ ነው።»

ከኋላዋ ትልቅ መኪና አለፈ። ነፋሱ መጣ።

እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ እንጀራው በእጄ እንዳለ፣ ከሕያው ሰው አፍ የሰማሁት ያንኑ ነበር። ቃሉ ብቻ አልነበረም፤ አረፍተ ነገሩ እንዳለ ነው። ወይዘሮ የሺ አላስተዋሉም። ቀረጻውን እስከዚያ ድረስ ሰምተውት አያውቁምና።

ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። ሴትዮዋ ልጃቸውን ቀብረዋል፣ ተጽናንተዋል። ቅዳሜ እገባለሁ፣ እህቴ ምንም ሳትሰማ እሑድ ያልፋል። ይህን ያሰብኩት ለአጭር ጊዜ ነው፤ ግን አስቤዋለሁ።

«ልጄ» አልኩ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብዬ፣ «ሃርድ ሾልደር የሚለውን ለወንድምሽ ነግረሽው ታውቂያለሽ?»

«ማን ናቸው እማ?»

«የጅማ እንግዳ ናቸው» አሉ ወይዘሮ የሺ፣ ዓይናቸውን ፈጠውብኝ።

«ለኪሩ? እሱ ነው እንጂ የሚነግረኝ!» ሳቀች። «ስነዳ በስልክ አብሮኝ ይሄድ ነበር፣ ሞተርዌዩን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ‹ሰብልዬ፣ ሃርድ ሾልደሩ ላይ እንዳትቆሚ፣ ፖሊስ ይመጣል› ይለኛል፣ ሱሉልታ ተቀምጦ!»

የራሴን ስልክ አውጥቼ ድምፁን ከፈትኩና ከስልኩ አጠገብ አስቀመጥኩት። እስከ መጨረሻው ሄደ። ሰብለ አልሳቀችም።

«ኪሩ ነው» አለች። «እማ፣ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚንቀጠቀጠው? መቼ ነው? የት ነው? እማ?»

ወይዘሮ የሺ እህል ከረጢቶቹ መካከል ቁጭ አሉ። አልጮኹም። ቅቤ ያለበትን እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው በሁለት ዓይናቸው እኔን ብቻ ያዩ ነበር። ለሰብለ «ተርፏል ልጄ፣ እናትሽ ትደውልልሻለች» ብዬ የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ሞላ። የእድሩ ሰብሳቢ መጡ፣ ነፍስ አባታቸው መጡ። ወይዘሮ የሺ ጥቁሩን አላወለቁም። «ያለበሱኝ ሽማግሌዎች ናቸው፣ እነሱው ያውልቁልኝ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ መርዶ መንገር ያውቃሉ፣ መርዶ መመለስ ግን አንዳቸውም አያውቁም።

«ለሕያው ሰው ተስካር አብልተናል፤ አሁን ምን ይደረጋል አባ?» አሉ ሰብሳቢው።

ቄሱ ጺማቸውን ይዘው አሰቡ። «የበላችሁት ይቀመጥላችሁ» አሉ። «ሲመጣ ደግሞ ትበላላችሁ።»

በስተመጨረሻ አንዲት አሮጊት ተነሥታ ጥቁሩን ከትከሻቸው ላይ ሳበችው። ሥሩ የለበሱት ነጭ ቀሚስ ነበር፤ ከለቅሶው ቀን ጀምሮ እንደነበረ አላውቅም። ሰው ሲያቅፋቸው፣ ሲስማቸው ቆይተው በሰው መሐል አልፈው ወደ እኔ መጡ።

«የተረፈው አንድ ነው አላሉኝም?» አሉ።

«ብያለሁ።»

«ታዲያ እያወቁ ነው የተናገሩት?»

አልጋቸውን ለቀቁልኝ፤ እሳቸው ሰው መካከል ቁጭ ብለው አደሩ።

ቅዳሜ

የጅማ አውቶቡስ አለም ገና ላይ ሰው ሲጭን ወርጄ አቶ ኤርሲዶን አገኘኋቸው። ማለዳ ደውዬ እንዲመጡ ጠይቄያቸው ነበር። ምክንያቱን በስልክ አልነገርኳቸውም። ሲያዩኝ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«የሱሉልታው ነው» አልኩ። «እህቱ ለየችው።»

ኮፍያቸውን መልሰው ደፉ። «ኦቦ ቶሎሳ ያውቃሉ?»

«እንዴት አድርጌ በስልክ ልንገራቸው?»

«አይሆንም» አሉ። «የቤተ ክርስቲያን ወንድሞቼን ይዤ ቡራዩ እወርዳለሁ። እሳቸው ደግሞ ሲበረቱ የራሳቸውን ሽማግሌዎች ይዘው ፉሪ ይምጡልን። ለአማረች እኔ መናገር አልችልም። ከሌላ አፍ ትስማው።»

እርስ በርስ መርዶ ሊነጋገሩ ነው ማለት ነው፤ ሁለቱ አባቶች ተያይተው አያውቁም። ረዳቱ ጮኸብኝ፤ ተሳፈርኩ። ከወሊሶ በኋላ ጨለመ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ መንገዱ የምጽፈው የለኝም።

እሑድ

ሽማግሌዎቹን ማለዳ በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። አቶ ደምሴ በዓይናቸው ጠየቁኝ፤ «የእሱ አይደለም» ለማለት ራሴን ነቀነቅኩ። በረድፍ ተቀመጡ። እህቴ ጸጉሯን እያሰረች ከጓዳ ወጣች፤ ብዛታቸውን አየች፣ ሰዓቱን አየች። እንዲህ ሆነው የሚመጡት ለምን እንደሆነ ጅማ ውስጥ የማያውቅ የለም። አቶ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቆይ» አለች በላይነሽ። «ድምፅ አለ ይባላል። ጎረቤት ያውቃል፣ እኔ ብቻ ነኝ ያልሰማሁት። መጀመሪያ እሱን አሰሙኝ።»

ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። ስልኩን አውጥቼ ከፈትኩት። ቆማ ሰማችው። ሞተርዌይ ሲል፣ ሃርድ ሾልደር ሲል ፊቷ አልተለወጠም፤ እነዚያን ቃላት አታውቃቸውም፣ አልጠየቀችምም። መኪናው አለፈ፣ ነፋሱ መጣ፣ ተቆረጠ።

«የእኔ ልጅ አይደለም» አለች። «የሰው ልጅ ነው። ለእናቱ ይኑርላት።»

ከዚያ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መሬት ላይ ቁጭ አለች። አቶ ደምሴ ከንፈራቸውን ሊያንቀሳቅሱ ሞከሩ፤ የሚነግሯት ነገር አልቀረላቸውም።